በአንድ ከሰዓት አራት ዓመት ስላደገችው የአክስቴ ልጅ

ለክቡር የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በመጪው ዓርብ እንዲዘጋ የተወሰነበትን መዝገብ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። በተለይ ስለ ወገብዎ። ባለፈው ማክሰኞ ከቢሮዎ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ስለ ወገብዎ ሕመም፣ ሐኪሙ ስላዘዘልዎ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርና ወንበሩ ስላለው ጉድለት የሰማሁትን ያህል፣ ስለመጣሁበት ጉዳይ አንድ ቃል እንኳ አልሰማሁም። ሕመሙን ፈጽሞ ያርቅልዎ። ወንበሩም ይስተካከልልዎ።

እኔ የአስራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነኝ። ጣቢያዎ ውስጥ «ያቺ ምላሳም» በሚል የማዕረግ ስም እንደምታወቅ ደርሼበታለሁ፤ ሳልጠይቅ ስለተሰጠኝ ሹመት አመሰግናለሁ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግኩት የታሸጉትን ሦስቱን ስላላነበቧቸው ነው። ምናልባት ማሸጊያው አስቸግሮዎት ይሆናል ብዬ በማሰብ ይሄኛውን ማንም እንዲከፍተው አድርጌ ጽፌዋለሁ።

የጉዳዩን ባለቤት በስሟ አልጠራትም። የልጅ ስም አደባባይ እንዳይወጣ ሕጉ ስለሚከለክል ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ስሟን ከበቂ በላይ ስለተጠቀመበትም ጭምር ነው። የአክስቴ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ፌንጣ እንላታለን፤ ደረጃ ስትወርድ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስለነበር ነው። «ነበር» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ልጻፈው ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ሁለት ቀን አሰበችበትና እሺ አለች፤ ረቂቁን ካነበበች በኋላም የማትፈልገውን ሰርዛለች፤ የሰረዘችውን እዚህ አያገኙትም። አዩ፣ እሺ ማለትና እምቢ ማለት ምን እንደሆነ እኛ ቤት ሁለት ልጆች ያለ ምንም ሽማግሌ ተግባብተንበታል።

ለማያውቁ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ፌንጣ የስምንተኛ ክፍል አለቃ ናት። መምህራን መልመጃ ሲያዘጋጁ ወረቀቱን ይዛ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት እየሄደች የምታስባዛው እሷ ነበረች። የቤቱ ባለቤት ዕድሜው አርባን የተጠጋ፣ የወላጆች ኮሚቴ አባል፣ በየስብሰባው ከፊት ወንበር የማይጠፋ፣ ሰፈሩ «ደጉ» እያለ የሚጠራው ሰው ነው። አንድ ቀን ደጉ «የሚሠራው ማሽን ከኋላ ክፍል ነው» አላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም። እሷ ለእናንተ መዝገብ አንድ ጊዜ ተናግራዋለች፤ አንድ ጊዜ መናገር ለማንም ይበቃል። እናቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ በነጋታው እጇን ይዛ ወደ ጣቢያዎ አመጣቻት። መዝገብ ተከፈተ፣ ነርስ መርምራ ጻፈች፣ ደጉም ለአንድ ሌሊት ታሰረ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ሕጉ እንደሚለው ነበር የሄደው።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ጣቢያዎ ውስጥ ቁጥር የሌለው ወረቀት የትም እንደማይደርስ በዓይኔ አይቻለሁና።

አንደኛ፦ ማክሰኞ ጠዋት ስለ መዝገቡ ልጠይቅ ስመጣ የመስኮቱ ፖሊስ ቀና ብሎ ሳያየኝ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «አንቺ ምኗ ነሽ?» የአክስቷ… አይ፣ እናቷ አክስቴ ናት ብዬ አስረዳሁ። የአክስት ልጅነት አይበቃም፣ አቤቱታ አቅራቢው ይምጣ አለኝ። አቤቱታ ያቀረበችው እናቷ ናት፣ እሷም እየመጣች ቀጠሮ ሲሰጣት ከርማለች አልኩት። እናት ሳይሆን አባት መምጣት እንዳለበት ነገረኝ። አባት ይምጣ ወይ ስለው ደግሞ አባት መጥቶ አቤቱታውን አንስቷል፣ ፋይሉም ዓርብ ይዘጋል አለኝ። እንግዲህ በጣቢያዎ አሠራር መክሰስ የሚችለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አልከስም ያለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ የተጣራ አሠራር ለመፍጠር ስንት ዓመት እንደፈጀባችሁ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ከመስኮቱ ፖሊስ ጭንቅላት በላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ለመጠበቅ ብዙ ጊዜ ስለሰጣችሁኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። በልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ማንኛውም ሰው መጠቆም እንደሚችል፣ ክሱን የሚመሠርተው የልጅቷ ቤተሰብ ሳይሆን ዐቃቤ ሕግ እንደሆነ፣ ዕድሜዋ አስራ ስምንት ያልሞላ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር «ፈቅዳለች» የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የቤተሰብ ዕርቅም ክሱን እንደማያስቀረው በአራት መስመር ይናገራል። ፊደሉ የጫማ ያህል ነው። አነበብኩለት። ዞር ብሎ ሳያየው ማስታወቂያው የግድግዳው እንደሆነ ነገረኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው፦ «እሱ የግድግዳው ነው።» ግድግዳው ምን በደል ደርሶበት እንደሆነ ልጠይቅ ስል ለምሳ ወጣ።

እኔ የተረዳሁትን ላስረዳዎ፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። የፌንጣ አባት የብየዳ ባለሙያ ነው። አንድ ሰው የብየዳ ማሽኑን ቢሰብርበት፣ ማሽኑ የእሱ ስለሆነ፣ ተወው ሊል ይችል ይሆናል። ፌንጣ ግን የአባቷ ማሽን አይደለችም። በልጅ ላይ የተሠራ ወንጀል በልጅቷ ብቻ ሳይሆን በሁላችንም ላይ የተሠራ ስለሆነ ነው መንግሥት በራሱ ስም የሚከሰው። ይህን የተረዳሁት በአንድ ጠዋት፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ከግድግዳ ላይ ነው። እርስዎ ግድግዳውን ስንት ዓመት ተደግፈውታል?

ሁለተኛ፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአክስቴ ቤት ዕርቅ ተደረገ። ለዚህ ዕርቅ ሲባል «ጉዳዩ በሽማግሌ እየታየ ስለሆነ ለጊዜው ይቆይ» የሚለው ወረቀት የእርስዎ ፊርማ ስላለበት፣ በቦታው ባይገኙም የክብር እንግዳ ነበሩ ማለት ነውና እንዴት እንዳለፈ ልተርክልዎ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ናቸው። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው ናቸው። ሦስተኛው ምን እንደሚሠሩ ማንም አያውቅም፤ በየሽምግልናው ግን ይጠራሉ፤ እያንዳንዱ ውሳኔ ከመነገሩ በፊት ጉሮሮ የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰዓት ያህል ስለ ጉርብትና ተናገሩ። ስለ ደጉ ሚስትና ስለ ሁለቱ ልጆቹ አዘኑ። ስለ ፌንጣ የተናገሩት ስሟ እንዳይጠፋ ብቻ ነበር፤ ይህን ስሟን ደግሞ ከደጉ በቀር ማን ሊያጠፋው እንደነበረ አልተብራራም። ከዚያ ጉሮሮ ተጠረገ። ደጉ ከወንበሩ ወርዶ የአባቷን ጉልበት ሳመ። የአባቷን። አባቷም አቀርቅሮ አነሳው። ሽማግሌዎቹ መረቁ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ይቅርታ የተጠየቀላት ልጅ ወጥ ቤት ብርጭቆ እያጠበች ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሳሎን ተጠርታለች፤ እንግዶቹ ውሃ ጠምቷቸው ነው። ትሪውን ይዛ ዞረች። ደጉም ከትሪው ላይ አንድ ብርጭቆ አነሳ፣ እግዜር ይስጥልኝም አላት።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም፤ የመጨረሻውን መስመር እርስዎም ደግመው ያንብቡት።

ከሄዱ በኋላ አብረን ብርጭቆ ስናደርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «እንግዲህ ይቅር ያለው ማን ነው?» እኔ፣ ጣቢያዎ ምላሳም ብሎ የሾመኝ ሰው፣ የደረቀውን ብርጭቆ ደግሜ ማድረቅ ጀመርኩ። አክስቴ ሰምታለች። ወደ ጓሮ ወጣችና ገና ያልደረቀውን ልብስ ከገመድ ላይ እየለቀመች ማጠፍ ጀመረች።

አባቷን ክፉ ነው ብዬ አልከስም። ደንበኛ ረስቶት የሄደውን ብሎን ሮጦ የሚመልስ ሰው ነው። ሦስት ሽማግሌ ከብበው ልጅህን ማን ያገባታል፣ አንተስ ፍርድ ቤት ቆመህ ይህን እንዴት ታወራለህ ሲሉት፣ ብረት የሚያቀልጠው ሰውዬ ራሱ ቀለጠ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ፌንጣን ቀና ብሎ አላያትም። ይህም በናንተ ቋንቋ ሰላም ወረደ ይባላል።

ሦስተኛ፦ አሁን ወደ ሳይንሱ እንመጣለን። ሽማግሌዎቹ ዕርቁ ብቻውን እንዳይበቃ ሰግተው ይሁን ወይም እጃቸው ሞቆ፣ ልጅቷ አስራ ስምንት ዓመት እንደሞላት የሚያረጋግጥ ወረቀት ጽፈው ፈርመዋል። ወረቀቱ እንደሚለው ልጅቷ የተወለደችው ከጣቢያዎ በታች ያለው ድልድይ በተመረቀበት ሳምንት መሆኑን ሦስቱም በሚገባ ያስታውሳሉ። ይህ እውነት ነው፤ አክስቴም በምጥ ላይ ሆና የምረቃውን ሙዚቃ ትሰማ እንደነበር ሁልጊዜ ትናገራለች። ጥያቄው ድልድዩ መቼ ተመረቀ የሚለው ነበር። ልብስ ሰፊው፣ ሪባን የቆረጡትን ባለሥልጣን ኮት የሰፉት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሃያ ዓመት ሆኖታል አሉ። ርዕሰ መምህሩ አስራ ስድስት ነው ብለው ድርቅ አሉ። ኮቱ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደነበረ ሳይቀር ተከራከሩ። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። በመጨረሻ ሦስተኛው ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ ዕድሜ ልካቸውን ሁለት ባላጋራ ሲያስታርቁ እንደኖሩት፣ ሃያንና አስራ ስድስትን አስታረቁ። አስራ ስምንት ሆነ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ለቀቁ፣ ተጨባበጡ፣ ተፈረመ።

ክቡር ሆይ፣ የሰው ልጅ ዕድሜ በሽምግልና ሲወሰን ያየሁት ያን ቀን ነው። የአክስቴ ልጅ ምሳ ስትበላ አስራ አራት ነበረች፤ ብርጭቆ አጥባ ስትጨርስ አስራ ስምንት ሞላት።

ድልድዩ ከጣቢያዎ በር ሁለት መቶ አስራ አንድ እርምጃ ነው። እርስዎ በየጠዋቱ በመኪና ይሻገሩታል። በስተግራ ባለው ምሰሶ ላይ የምረቃው ቀን የተቀረጸበት እብነ በረድ አለ። «የሚከራይ ቤት» የሚሉ ማስታወቂያዎች ተደራርበው ስለሸፈኑት፣ በማስመሪያዬ ፍቄ ፍቄ አወጣሁት። ድልድያችን የተመረቀው ከአስራ አራት ዓመት ከሁለት ወር በፊት ነው። የክሊኒኩ የክትባት ካርድም ይህንኑ ይላል፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብም እንዲሁ። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ስለ ልጅቷ አልተሳሳቱም፤ ያሳደጉት ድልድዩን ነው። የክትባት ካርዱን አክስቴ ገና በመጀመሪያው ቀን አምጥታላችሁ ነበር። የናንተ መርማሪ ቀለሙ ደብዝዟል ብሎ መለሰላት፤ የሽማግሌዎቹን ወረቀት ግን ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ተቀበላችሁት።

አራተኛ፦ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው አንብበዋቸው ያውቃሉ? አንደኛው ልጅቷ አስራ ስምንት ሞልቷታል፣ ስለዚህ በፈቃዷ ነው ይላል። ሁለተኛው ልጅቷ ልጅ ናት፣ ስለዚህ አባቷ ፈርሞላታል ይላል። አክስቴ ፋይሉ ሲገለጥ እንዳየችው ሁለቱም እዚያው ውስጥ፣ በአንድ ስቴፕል ተያይዘው ተቀምጠዋል። አስራ ስምንት ከሞላት አባቷ በእሷ ስም ይቅር ለማለት ማን ነው? አስራ ስምንት ካልሞላት ደግሞ ፈቃድ የሚባለው ከየት መጣ? ለመፍቀድ ትልቅ፣ ለመፈረም ትንሽ፤ ለደጉ ሲሆን ሴት፣ ለመዝገብ ሲሆን ሕፃን። በሒሳብ ክፍል እንዲህ ብዬ ብመልስ መምህሬ ወረቀቱን ይመልሱልኝና ተቀምጠሽ አስቢ ይሉኛል። እርስዎ ማኅተም መቱበት።

አምስተኛ፦ በዚያው ፋይል ውስጥ ባለው የመርማሪው ማስታወሻ ላይ «በገዛ እግሯ እየተመላለሰች» የሚል ሐረግ ሰፍሯል። እውነት ነው፣ በገዛ እግሯ ነው የሄደችው፤ ትምህርት ቤቱ የሰው እግር አላዋሳትም። በሳምንት ሁለት ቀን የጂኦግራፊ መልመጃ ይዛ የላኳት መምህራን ናቸው። ሱቅ ገብታ ስልሳ ገጽ ማስባዛት እሺታ ከሆነ ክፍሏ በሙሉ ተባባሪ ነው፤ መልመጃውን ሠርቶታልና። ሃያም ሠላሳም ዓመት ቢሞላት እኮ በር መግባት እሺ ማለት አይደለም። በአስራ አራት ዓመቷ ደግሞ እሺ ብትል እንኳ ሕጉ አይሰማትም፤ የሚጠይቀው እሱን ነው፣ ትልቁን ሰውዬ፣ ማሽን ከኋላ ክፍል አለ ያለውን።

ስድስተኛ፦ ይህ ቅሬታ የአክስቴ ልጅ ከሰረዘቻቸው ውስጥ ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ ትቼልዎታለሁ። እርስዎም መርማሪዎም ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋና ሳላቀርብ ባልፍ አስተዳደግ የጎደለኝ እመስላለሁ። ስለ አግዳሚው አመሰግናለሁ። ስለ ማስታወቂያው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትልልቅ ሰዎችን አከብር ዘንድ ለዓመታት የተነገረኝን ሁሉ በአንድ ሳምንት ስላቀለላችሁልኝ አመሰግናለሁ። ደጉ ሱቁን ሰኞ ዕለት ከፍቷል። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ትምህርት ቤት የሚገቡትን ልጆች ደህና አደራችሁ ይላል። የስድስተኛ ክፍል አለቃዋ አስራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መልመጃ ማስባዛት የእሷም ሥራ ነው። ዓርብ ፋይሉ ሲዘጋ የሚከፈተው ምን እንደሆነ አሁን የገባዎት ይመስለኛል።

ስለዚህ ትናንት ረቡዕ የድልድዩን ፎቶ፣ የክትባት ካርዱንና ማስታወቂያውን ገልብጬ ይዤ ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄድኩ። ብቻዬን ልሄድ ነበር። በር ላይ ስደርስ አክስቴ ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ የት ነው አላልኳትም፣ የት ነው አላለችኝም። ዐቃቤ ሕጓ ጉንፋን ይዟት በየደቂቃው አፍንጫዋን ትጠርጋለች፤ ጠረጴዛዋ በፋይል ተሞልቶ ፊቷ በግድ ነው የሚታየው። ምኗ ናችሁ አላለችንም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አይታ ስትጨርስ ቀና አለችና፣ «ልጅቷ አሁን እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀች። ከሁለት ወር ወዲህ፣ ጣቢያውንም ሽማግሌውንም ጨምሮ፣ አክስቴን ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ዐቃቤ ሕጓ እንደነገረችን የአባትየው ፊርማ ምንም የሚያስቀረው ነገር የለም፤ ክሱ የእሷ መሥሪያ ቤት እንጂ የእሱ አይደለም፤ የሽማግሌዎቹም ወረቀት ዕድሜን አይለውጥም፣ እንዴት እንደተጻፈ ግን እያንዳንዳቸው ተጠርተው ያስረዳሉ። መዝገቡ እንዲመጣላትም ደብዳቤ ጽፋለች። ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ ደርሷል፤ ተቀብሎ የፈረመው የመስኮቱ ፖሊስ ነው። የታሸገ ስለሆነ እንዳይረሱት በማለት ነው ይህን የምጽፍልዎ። ዐቃቤ ሕጓ ፌንጣንና እናቷን ለመጪው ሐሙስ ስለቀጠረች፣ መዝገቡ ከዚያ በፊት፣ ገጾቹ ሳይጎድሉ መድረስ አለበት። የነርሷ ገጽ ምናልባት በመንገድ ላይ ቢወድቅ አይጨነቁ፤ ነርሷ ሁለተኛውን ቅጂ ለዐቃቤ ሕጓ በእጇ ሰጥታለች። የወገብዎ ነገር መቀመጥ የሚከለክልዎ ከሆነም ቆመው መፈረም ይችላሉ።

በትዕግሥት የሠለጠነች፣ ሥልጠናውንም ከቢሮዎ በር ላይ ያገኘች፣ ለሥልጣንዎ ከሚገባው ያልበለጠ አክብሮት ያላት፣

የምላሳምነት ማዕረጓን በደስታ የተቀበለች ተማሪ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወላጆች ኮሚቴ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጠውን አባል ሳይጨምር
ለሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ከመፈረማቸው በፊት ሳይሆን ከመናገራቸው በፊት እንዲያነቡት
ለፌንጣ አባት፣ ልጁ ደጅ ተቀምጣ ቀና ብሎ እንዲያያት እየጠበቀችው እንደሆነ እንዲያውቅ

ማስታወሻ፦ ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ የጉዳዩ ባለቤት አንብባ አንድ መስመር እንድተውላት ጠየቀችኝ። ለመፈረም ዕድሜዋ አልደረሰም ትሉ ይሆናል፤ ለመናገር ግን ስንት ዓመት መሙላት እንዳለበት ሽማግሌዎቹ ገና አልተስማሙም። ከዚህ በታች ያለው የእጅ ጽሑፍ የእሷ ነው።

እኔ ይቅር አላልኩም። ሐሙስ ከእናቴ ጋር እመጣለሁ።